የብልሽቱ ምክንያት

ታረቀኝ የኬብሉን ራስ ቀጭ አድርጎ ቆረጠና ወለሉ ላይ ጣለው። ከጠዋት ጀምሮ ሲቆርጥ ይህ ሦስተኛው ነው። ሽፋኑን ገፈፈ፤ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደረደረ፤ አዲስ ራስ አጠለቀላቸውና በመቆንጠጫው ጥርቅም አደረገው።

«ማን ነው ይኼን መስመር የዘረጋው?» አለ ቀና ሳይል።

«አምና የመጡ ልጆች ናቸው» አለች የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የብርጓል፣ በሩ አጠገብ እንደቆመች።

«ልጆች! ያስታውቃል። በሚስማር ግድግዳ ላይ የተመታ ኬብል ገና ዛሬ አየሁ። የልብስ ማስጫ ገመድ መሰላቸው?»

የብርጓል የቆመችው ወዳ አይደለም። በቢሮዋ ውስጥ ካሉት ሁለት ወንበሮች አንዱ እግሩ ተሰብሮ የመዝገብ ክምር ተሸክሟል። ሁለተኛው የራሷ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ፣ በእጇ የሠራችውን ትራስ ተጭኖ፣ ታረቀኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ተንሰራፍቶበታል። ሃምሳ አራት ዓመት የሞላትን ሴት ማቆሙ አንድም ጊዜ ትዝ አላለውም።

ታረቀኝ ከደብረ ማርቆስ የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሃያ ስድስት ትምህርት ቤቶች የመደበው እሱን ብቻ ስለሆነ፣ በሃያ ስድስቱም ውስጥ «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው ገጥሞት አያውቅም። ሰባት ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው የሚሆነውን ሆኗል። ርእሳነ መምህራኑ «ኢንጂነር» ይሉታል፤ ኢንጂነር አይደለም፤ አንድም ቀን ግን አላረማቸውም። ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ወደ ግራር ሜዳ ሲመጣ እስከ ደምበጫ በሚኒባስ፣ ከደምበጫ ወዲህ በባጃጅ አቧራ እየቃመ ነበር። የራሱን ላፕቶፕ እንኳ አቧራ እንዳይነካበት ማርቆስ ትቶት ነው የመጣው።

ቦርሳው ውስጥ የጥገና ሪፖርት ቅጽ በሦስት ቅጂ ተቀምጧል። ቅጹ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ታረቀኝ ይህን መስመር ከቢሮው ሳይነሣ «የተጠቃሚ ስህተት» ብሎ ይሞላውና ማኅተም አስመትቶበት ይወጣል። በቦታው ደርሶ ማየት ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ መሣሪያውን መብረቅ መትቶት አገኘው፤ ያኔም ቢሆን «በዝናብ ማን ክፈቱት አላቸው?» ብሎ ቅጹን ሳይቀይር ተመለሰ።

ኬብሉን የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው። ከመሰኪያው ጎን ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ስክሪኑም መስመሩ መገናኘቱን ተናገረ። ታረቀኝ ከንፈሩን በኩራት አሞጥሙጦ የተማሪዎች ፈተና ምዝገባውን ድረ ገጽ ከፈተ። ገጹ ጥቂት ሲያስብ ቆይቶ ነጭ ሆነና ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ። ታረቀኝ ዐይኑን ሳያሳርፍበት ዘጋው።

«ምን አለ?» አለች የብርጓል።

«ምንም።»

«ብዙ ጽፎ ነበር እኮ።»

«እሱ ሁልጊዜ ይጽፋል። ሥራው ነው።»

«እሱስ፣ ከተጻፈ አይቀር ቢነበብ...»

«የኔ እናት፣» አለ ታረቀኝ፤ የኔ እናት ሲል እናቱን ማለቱ እንዳልሆነ ከድምፁ ያስታውቃል፤ «ይኼ የጽሕፈት መኪና አይደለም። አንቺ የተማርሽው ሌላ፣ ይኼ ሌላ።»

የብርጓል የተማረችው በእርግጥ የጽሕፈት መኪና ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ማርቆስ ውስጥ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተምራ፣ ከጽሑፍ ላይ አንድ ፊደል የሚዘል ጸሐፊ ጸሐፊ አይባልም ተብላ ነው የተመረቀች። ኮምፒውተሩን ራሷ ለፍታ ለመደችው። አሁን ግን ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ዐይን ጥሏል። ርእሰ መምህሩ አቶ ሙሉሰው የሚስቱን እህት ልጅ ሄለንን እዚያ ሊያስቀምጣት እንደሚፈልግ በግቢው የማያውቅ የለም፤ ያጣው ምክንያት ብቻ ነበር። ኢንተርኔቱ እምቢ ሲል ምክንያቱ ቤቱ ድረስ መጣለት።

ነገሩ የታወቀው ያለፈው ዓርብ ነው። የሰማንያ ስድስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ዝርዝር ከነፎቷቸው ለፈተና ምዝገባ መላክ ነበረበት፤ ገጹ ግን አልከፈትም አለ። የመጨረሻው ቀን ዛሬ፣ ማክሰኞ መጋቢት 16፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የስልክ ኢንተርኔት በአካባቢው ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ያለው ተስፋ ይህ ሽቦ ብቻ ነው። አቶ ሙሉሰውም የብርጓልን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚያዛውር ደብዳቤ አዘጋጅቶ በመሳቢያው ውስጥ አስቀምጧል። «በባለሙያ በተረጋገጠው መሠረት» የሚል ሐረግ ስላለበት የቀረው የታረቀኝ ቅጽ ብቻ ነው። ይህን ጠዋት በረንዳው ላይ ለታረቀኝ በጆሮው ነግሮታል። ታረቀኝም «ችግር የለም፤ ተሞልቶ ነው የመጣው» ብሎት ሁለቱም ሳቁ። የብርጓል በክፍት መስኮት ሰምታቸዋለች።

«ኢንጂነር፣ እንዴት ነው?» አለ አቶ ሙሉሰው በበሩ ብቅ ብሎ። አጠገቡ የቆመችውን የብርጓልን እንደ በሩ መቃን አልፎ ነው ያየው።

«ኬብሉ የእብድ ሥራ ነበር፤ አስተካክያለሁ። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«አራት ሰዓት አልፏል። ካልሆነ ላፕቶፑን ሰው አስይዤ በጊዜ ወደ ማርቆስ ልላከው?»

«አያስፈልግም፤ በአሥር ደቂቃ ይከፈታል።»

«እርስዎ ካሉማ ይሁን» አለና ሄደ።

ታረቀኝ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ላፕቶፑን ከሚያሠራው ከሊኑክስ በቃሉ ከያዛቸው አራት ትእዛዞች አንዱን መታ። ምልክት ወደ ውጭ ልኮ መልስ መምጣት አለመምጣቱን የሚያይበት ነው። መልሱ መጣ፤ ነጫጭ መስመሮች እየተከታተሉ ወረዱ። ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው። ቅን ሰው ቢሆን «ለካ ሽቦው ከመጀመሪያውም ደህና ነበር፤ ሦስት ራስ በከንቱ ቆረጥኩ» ይል ነበር።

«አየሽ? ኬብሉን አዳንኩት» አለ ታረቀኝ።

«ታዲያ ገጹ ይከፈት?»

ከፈተው። ነጭ ሆነ፤ ጽሑፉ መጣ፤ ዘጋው።

«አሁን ደግሞ ሊኑክሱ ነው» አለ። «ይኼን ነገር ማን ጫነባችሁ?»

«በእርዳታ ሲመጣ አብሮት ነው የመጣ። ቫይረስ አይነካውም ብለውን ነበር።»

«ነጻ ነገር! ሰው የሚሸጠው ሲያጣ ነው በነጻ የሚሰጥ። እኔ ለእናንተ ብሆን ዊንዶውስ ጭኜ ይኼን ቆሻሻ እጥለው ነበር።»

መስመሩን ከዝርዝሩ ውስጥ ሰርዞ እንደገና ፈጠረው። ቁጥሮቹን በእጁ አስገባ፤ አጠፋቸው፤ መልሶ አስገባ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄዶ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለውን ራውተር ነቅሎ ሰካ። የአይጥ ጥርስ ይኖር እንደሆነ በማለት ጥበቃውን ጋሽ ገዳሙን መሰላል ላይ አውጥቶ በኮርኒሱ ላይ አስተኛቸው። ሽማግሌው አቧራ ለብሰው ሲወርዱ «አይጥስ የለም ጌታዬ» አሉት። ታረቀኝ «እርስዎ አይጥ ያውቃሉ?» አላቸው። ጋሽ ገዳሙ አርባ ዓመት ያረሱ ሰው ናቸው፤ አይጥ ያውቃሉ። ግን መሰላላቸውን ተሸክመው ወጡ።

በስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ሰዓት አለች። ከጠዋት ጀምሮ በእንግሊዝኛ «እሑድ» ስትል ነበር። ታረቀኝ ሃምሳ ጊዜ ያህል አይቷታል፤ ማለትም ዐይኑ አልፎባታል።

ስድስት ሰዓት ላይ ወደ መንገዱ ወጥቶ፣ ጾም ነበርና ሽሮ በላ። ሽሮው ቀጥኗል ብሎ አስተናጋጇን ሰደባት። ሲመለስ የብርጓልን አሁንም ቆማ አገኛት። ወንበሩ ባዶ እያለ አልተቀመጠችበትም። ፊቷ ሲታይ ደብዳቤ ውስጥ የፊደል ግድፈት አግኝታ ለጊዜው ዝም ያለች ትመስላለች። ታረቀኝን ይህ አስተያየት ቆረቆረው፤ ለምን እንደቆረቆረው ግን ሊገባው አልቻለም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አቶ ሙሉሰው ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

«ኢንጂነር፣ ወላጆች በር ላይ ተሰብስበዋል። ዛሬ ካልተመዘገቡ የእነዚህ ልጆች ዓመት ከንቱ ነው። አሁንማ ማርቆስ ልላክ ብል መኪናውስ የታል?»

«መፍትሔ አለኝ» አለ ታረቀኝ። ከቦርሳው ፍላሽ አወጣ። «ሊኑክሱን አጥፍቼ ዊንዶውስ እጭናለሁ። አርባ ደቂቃ ነው።»

«ይሁን፣ ይሁን! የፈለጉትን ያድርጉ!» አለና ወላጆቹን ሊያረጋጋ ሮጠ።

የብርጓል ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ፈቀቅ አለች።

«ዝርዝሩስ?»

«የቱ ዝርዝር?»

«የተማሪዎቹ። ፎቷቸው፣ የአባት የአያት ስማቸው፣ ውጤታቸው፤ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው።»

«ይጠፋል። እንደገና ትጽፊዋለሽ።»

«ሰማንያ ስድስት ተማሪ፣ ከነፎቶው፣ በግማሽ ሰዓት?»

«ሌላ ቦታ ገልብጠሽ አላስቀመጥሽም?»

«በምን? ፍላሽ ይገዛልን ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። የራስዎ ፍላሽ ላይ ይገልብጡልኝ።»

«የኔ ሞልቷል፤ ዊንዶውስ ነው ያለበት።» ታረቀኝ ትዕግሥቱ አለቀ። «ስሚ፣ እኔ ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣሁት አንቺ ያበላሸሽውን ላስተካክል ነው። ዝርዝርሽ ከጠፋ ጥፋቱ መጠባበቂያ ያልያዘው ሰው ነው። ቅጹ ላይም እንደዚያው ነው የተጻፈው።»

«አውቃለሁ። ሳይመጡ እንደተጻፈ ሰምቻለሁ» አለች የብርጓል።

ታረቀኝ ፍላሹን ሊሰካ እጁን ዘረጋ። መሰኪያውን አላገኘውም፤ የሴትዮዋ መዳፍ ሸፍኖታል። ጣቶቿ በሠላሳ ዓመት ትየባ ጎብጠዋል፤ ግን የሚነቃነቁ አይመስሉም።

«አንድ ጊዜ፣ የሚለውን ላንብበው» አለች።

«ምን ይረባሻል?»

«ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ ተጽፎ አሥራ አራት ጊዜ ዘግተውታል። ቆጥሬያለሁ። አንድ ጊዜ ላንብበውና ከዚያ የፈለጉትን ያጥፉ።»

ታረቀኝ ሊስቅ ፈለገ። ሳቁ አልመጣለት ሲል ትከሻውን ነቀነቀና ገጹን ከፈተላት። ጽሑፉ ወጣ። የብርጓል መነጽሯን ከአንገቷ አንሥታ አደረገች፤ በስክሪኑ ላይ አጎንብሳ ጣቷን በየቃሉ ስር እያሳለፈች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። የመጀመሪያውን መስመር ጨርሳ ሁለተኛውን ያዘች። ታረቀኝ ጣራ ጣራውን ሲያይ ቆየ።

«ኮምፒውተርዎ ዛሬን ሐምሌ 16 ቀን 2017 በፈረንጅ ነው ብሎ ያስባል ይላል» አለች ቀስ ብላ። «በዚህ ምክንያት በደኅና መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ከዚያ ደግሞ ቀንዎን ያስተካክሉ ይላል። እንዲህ ነው የሚለው።»

ታረቀኝ ዐይኑን ከጣራው አወረደ። ጽሑፉን አየ። በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ሰዓት አየ፤ እሑድ፣ አሥር ሰዓት ከአምስት ይላል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። በፈረንጅ ዘመን 2025 ነው። ላፕቶፑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጦ፣ የሚከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ ቀኑ ገና ያልደረሰ የይለፍ ወረቀት ይዞ የመጣ እየመሰለው ሲመልሰው ነው የከረመው። ይህን አንድ ተማሪ በሁለት ደቂቃ ያገኘው ነበር። ታረቀኝ ጆሮው ድረስ ጋለ።

በችኮላ ሰትንግ ወደሚባለው ማስተካከያ ገባ። ቀንና ሰዓቱን መሣሪያው በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገው ቁልፍ ጠፍቷል። መለሰና አበራው። ጥጉ ላይ ያለችው እሑድ ማክሰኞ ሆነች። የምዝገባውን ገጽ ሲነካው በርግዶ ተከፈተ፤ ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ላኪው» አለ ታረቀኝ።

የብርጓል ጎንበስ ብላ፣ በራሷ ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰው ትከሻ ላይ እጇን አሻግራ፣ ዝርዝሩን ላከችው። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ሰማንያ ስድስተኛው ሲያልፍ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ቀና ብላ ወገቧን በሁለት እጇ ያዘች።

ታረቀኝ በዚህች ጊዜ ውስጥ ራሱን ሰብስቧል። የሚያውቀው አንድ መንገድ ስላለ በዚያው ተመለሰ።

«ማን ነው ቀኑን ያስነካሽ? እዚያ ውስጥ ምን ልትሠሪ ገባሽ? አየሽ፣ የተጠቃሚ ስህተት ስል...»

«እርስዎ ነዎት» አለች የብርጓል።

«ምን?»

ከመዝገቡ ክምር ውስጥ ሰማያዊ ደብተር አወጣች። በሽፋኑ ላይ «የስልክ ጥሪ መመዝገቢያ» የሚል ተጽፏል። የተደወለውን ሁሉ፣ የተባለውን በተባለበት ቃል መመዝገብ ከተማሪነቷ ጀምሮ ያልተወችው ልማድ ነው። ገጹን ገልጣ ፊቱ ዘረጋችለት። ጽሑፉ ልቅም ያለ፣ አንድም ስርዝ የሌለበት ነበር።

«መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ 5፡20። ለአቶ ታረቀኝ ተደወለ። ጥያቄ፦ ላፕቶፑ ደብዳቤ ላይ በራሱ የሚያወጣው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ ሦስት ደብዳቤ 'ቀኑ ይስተካከል' ተብሎ ከመሥሪያ ቤትዎ ተመልሶብናል፤ ምን እናድርግ? መልስ፦ 'ሰትንግ ውስጥ ግቢና ቀኑን አስተካክይዋ! ይኼም ይጠየቃል?' ስልኩ ተዘጋ።»

«እንዳሉኝ ገባሁ» አለች የብርጓል። «በራሱ የሚያስተካክለውን አጠፋሁ። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አደረግሁ፤ ወሩንም፣ ሰዓቱንም በእኛ አደረግሁ። ደብዳቤዎቹ ተቀባይነት አገኙ። የዕለቱ ስም ብቻ አልገጥም ስላለኝ ልጠይቅዎት ደግሜ ደወልኩ። እሱም ከስሩ ተጽፏል።»

ከስሩ ተጽፏል፦ «5፡40 ተደወለ፤ አልተነሣም። 8፡10 ተደወለ፤ አልተነሣም።»

ታረቀኝ አስታወሰ። ፑል ቤት ነበር፤ ኳሷን ሊመታ ባጎነበሰበት ነው ስልኩ የጮኸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሲጮህ «ይህች የግራር ሜዳዋ አሮጊት» ብሎ ድምፁን አጥፍቶታል፤ ጓደኞቹም ስቀዋል። የገዛ ቃሉን በሌላ ሰው ንጹሕ እጅ ጽሑፍ ሲያነበው፣ ከሁሉ በላይ ያቃጠለው «ይኼም ይጠየቃል?» የምትለዋ ናት። በየትምህርት ቤቱ ስንቱን እንዲህ ብሎታል። አፈረ። ካፈረ ደግሞ ብዙ ጊዜው ስለሆነ እንዴት እንደሚታፈር እንኳ ጠፋበት፤ ወለሉ ላይ የተበተኑትን የኬብል ራሶች በእግሩ ወደ ጠረጴዛው ስር ገፋ ገፋ አደረጋቸው።

ከቦርሳው አንድ ትርፍ ባዶ ቅጽ አወጣና ሞላው። ሲሞላው ደስ እያለው መጣ፤ ለሁሉም የሚበጅ ነገር ያገኘ መሰለው።

«ይኸው፤ 'የኬብል ብልሽት' ብዬዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺም አልነካሽ፣ እኔም አልነካሁ። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

የብርጓል ቅጹን ተቀበለች። እንደ ልማዷ ከላይ ጀምራ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ኬብሉ ምን አደረገ?»

«ምን ቸገረሽ? ላንቺ ብዬ ነው እኮ!»

«ኬብሉ ደህና ነበር፤ እርስዎ ነዎት የቆረጡት። እኔ ያላየሁትን አልፈርምም።»

ታረቀኝን የሚያስጠላው ነገር፣ አልተቆጣችም። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይመልስላት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እሱ ሰዎችን ሲያይ በነበረበት ዐይን ነው አሁን የምታየው፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በረንዳው ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ። አቶ ሙሉሰው ፊቱ በርቶ ገባ። በአንድ እጁ የደብዳቤውን ማኅደር ይዟል።

«ተልኳል አሉኝ! ኢንጂነር፣ እግዜር ይስጥልን! እኔ እኮ እርስዎ ከመጡ...» ከዚያ ፊቱን አኮሳትሮ ወደ የብርጓል ዞረ። «ምን ሆኖ ነው ታዲያ?»

«ቀኑ ተቀይሮ ነበር» አለች።

«ማን ቀየረው?»

«እኔ።»

«አልኩ እኮ!» አለ አቶ ሙሉሰው፤ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው። «ማን አዘዘሽ ግን? በማን ፈቃድ ነው የመንግሥት ንብረት የምትነካኪ?»

የብርጓል ወደ ታረቀኝ አላየችም። ሰማያዊውን ደብተር ዘግታ ክንዷ ስር አደረገችው።

«ባለሙያው እዚህ አሉ። እሳቸው ይንገሩዎት» አለች።

«ልክ ነው፤ ቅጹን ኢንጂነር» አለ ርእሰ መምህሩ እጁን ዘርግቶ። «ያንን የተሞላውን።»

ሦስቱ ቅጂ፣ ትርፉን ቅጽ ሲያወጣ አብረው ወጥተው፣ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ማኅተማቸው ደርቋል። ለታረቀኝ ማንሣትና መስጠት ብቻ ነው የቀረው። ደብተሩን አቶ ሙሉሰው አላየውም፤ ቢያየውም አያነበውም። ሴትዮዋ ነገ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ የተሰበረ ጠረጴዛ ትቆጥራለች። ሄለን እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የሚቀጥለው ወር አንድ ነገር ሲበላሽ ትደውላለች፤ እሱም ይዘጋባታል። ይህ ሁሉ በጣም ቀላል ነበር። ታረቀኝ ቅጂዎቹን አነሣ፤ አቶ ሙሉሰውም ለመቀበል ጣቶቹን አነቃነቀ። የዚያን ሰው ጣቶች ሲያይ ታረቀኝን አስጠላው፤ ጠዋት በረንዳው ላይ አብሮት የሳቀው ሳቅም ትዝ ብሎት አብሮ አስጠላው።

«አንድ ጊዜ» አለ።

ከወንበሩ ተነሣ። ትራሱን በእጁ መታ መታ አድርጎ አስተካከለውና ፈቀቅ አለ። የብርጓል ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ታረቀኝ ቆሞ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጎንብሶ፣ በመጀመሪያው ቅጂ ላይ «የተጠቃሚ» የምትለውን ቃል ሰረዘ። ደንቡ እንደሚያዘው ከስርዙ አጠገብ ፈረመ። ከዚያ ከላይዋ፣ በማኅተሙና በመስመሩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ በደቃቅ ፊደል «የባለሙያ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም እንደዚያው አደረገ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አቶ ሙሉሰው አንገቱን እያሰገገ።

ታረቀኝ ቅጂዎቹን ለእሷ አቀበላት።

የብርጓል መነጽሯን አደረገች። ከላይ ጀምራ አነበበች፤ ጣቷ ስርዙ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ አየችው፤ ቀረብ አድርጋ አየችው። ከዚያ ከእስክሪብቶዋ ጋር መልሳ ሰጠችው።

«አይነበብም» አለች። «ጎላ ያድርጉት።»

አቶ ሙሉሰው በር ላይ እንደቆመ ነው። ታረቀኝ እስክሪብቶውን ተቀበለ፤ እንደገና አጎነበሰና ጎላ አድርጎ ጻፈው።